ከአንድ ቤት የሚወጡ ሦስት ውስኪዎች፤ ስለ አቀማመሳቸውና ስለ ነጥብ አሰጣጣቸው

አንድ ነጋዴ ውስኪ በሚያስመጣበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የፋብሪካውን ስም፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዕድሜና ቀማሾች የሰጡትን ነጥብ ነው። እነዚህ ሦስቱ ጠቃሚ ምልክቶች ቢሆኑም ብቻቸውን ለገዢው ዋስትና አይሆኑም። ይህንንም ለማስረዳት በስኮትላንድ የሚገኘውን የስፕሪንግባንክን የውስኪ ፋብሪካ ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን።

አስቀድሞ «ሲንግል ሞልት» የሚለውን ስም መረዳት ያስፈልጋል። ትርጉሙ በአንድ ፋብሪካ ብቻ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በማንጠሪያ ጋን የተነጠረ ውስኪ ማለት ነው። ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ ማለት ግን አይደለም፤ የአንዱ ፋብሪካ ብዙ በርሜሎች ሊደባለቁ ይችላሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት የስኮትላንድ ውስኪ በዚያው አገር በኦክ እንጨት በርሜል ከ3 ዓመት ያላነሰ መቆየት፣ የአልኮሉም ኀይል ከ40 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ በውስጡ ከተደባለቁት ሁሉ የታናሹ ዕድሜ ነው።

ስፕሪንግባንክ በ1828 ዓ.ም. የተመሠረተው ኪንታየር በሚባለው ልሳነ ምድር፣ በካምቤልታውን ከተማ ነው። አልፍሬድ ባርናርድ የተባለው ጸሐፊ በ1887 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በዚህች አንዲት ትንሽ ከተማ 21 የውስኪ ፋብሪካዎችን መዝግቧል። በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ግን ስፕሪንግባንክና ግሌን ስኮሺያ ብቻ ቀርተው ነበር። ለውድቀቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. አልኮልን በሕግ መከልከሏ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዳንዶቹ ብዛትን ፈልገው ጥራትን በመተዋቸው የከተማይቱ ውስኪ ስሙ መጉደፉ ነው።

ሦስቱ ዐይነቶች

ስፕሪንግባንክ ገብሱን ራሱ ያበቅላል፤ ውስኪውንም እዚያው አንጥሮ፣ አቆይቶ፣ በጠርሙስ ይሞላል። ከዚህ አንድ ቤት ግን በጠባይ የተለያዩ ሦስት ውስኪዎች ይወጣሉ። ልዩነታቸው የሚመጣው በተለይ ከብቅሉ አደራረቅና ከአነጣጠሩ ነው። በአገሩ «ፒት» የሚባል፣ በረግረግ መሬት በዘመናት ብዛት ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚገኝ፣ ሲደርቅም እንደ ኩበት የሚነድ አፈር አለ፤ የዚህ ጢስ ብቅሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ብርጭቆው ድረስ ይዘልቃል።

1ኛ/ ሄዝልበርን፤ ብቅሉ በሞቃት አየር ብቻ ደርቆ ሦስት ጊዜ የሚነጠር፣ ጢስ የሌለውና ለስላሳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

2ኛ/ ስፕሪንግባንክ፤ ብቅሉ ለጥቂት ሰዓት በፒት ጢስ፣ ከዚያም በሞቃት አየር ይደርቃል። ከፊሉ ሁለት ጊዜ፣ ከፊሉ ሦስት ጊዜ ስለሚነጠር «ሁለት ጊዜ ተኩል የነጠረ» ይባላል።

3ኛ/ ሎንግሮው፤ ብቅሉ በፒት ጢስ ብቻ ብዙ ሰዓት የሚደርቅ፣ ሁለት ጊዜ የሚነጠርና ጢሱ የበረታ ነው። የተጀመረውም በ1973 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ «የስፕሪንግባንክ ፋብሪካ ውስኪ» ብሎ ብቻ የሚያዝ ነጋዴ ጢስ የሚጠላ ደንበኛውን በሎንግሮው ሊያስቀይም ይችላል ማለት ነው።

አቀማመስ

ሦስቱን አንድ ላይ የሚቀምስ ሰው ከለስላሳው ጀምሮ በጢሳሙ ይጨርስ፤ ጢሱ ከቀደመ የሌላው ጣዕም ይሰወራልና። አፉ የጠበበ ብርጭቆ ተወስዶ ጥቂት ይቀዳበታል። ቀለሙ ግን መመዘኛ አይሁን፤ በካራሜል ማቅለም በሕግ የተፈቀደ በመሆኑ ጥቁረት የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። በመጀመሪያ ይሸተታል፤ ቀጥሎ ጥቂት ተወስዶ በምላስ ላይ ይንከባለላል፤ ከዚያም ጣዕሙ ምን ያህል ጊዜ በአፍ እንደሚቆይ ይታያል። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሮ መድገም ይገባል፤ የአልኮሉ ኀይል ሲበርድ ተሰውሮ የነበረው ሽታ ይገለጣል። ብዙ ጠርሙስ የሚመረምር ሰው እንደ ቡና ቀማሽ እየተፋ ካልቀመሰ ፍርዱ ይዛባል።

ነጥብ አሰጣጥ

በዘርፉ ከታወቁት ልማዶች አንዱ ለሽታው 25፣ ለጣዕሙ 25፣ በአፍ ለሚቀረው 25፣ ለጠቅላላው ሚዛን 25፣ በድምሩ 100 ነጥብ መስጠት ነው። የጠርሙሱ ስም ተሸፍኖ የተሰጠ ነጥብ ዝናና ዋጋ ስለማይጫኑት ይበልጥ ይታመናል። ሆኖም ነጥቡ የአንድ ቀማሽ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠርሙስ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የይርጋ ጨፌን ቡና የሐረርን ጣዕም አላገኘሁበትም ብሎ የሚነቅፍ ቀማሽ ስለ ቡናው ሳይሆን ስለ ራሱ ምርጫ ይናገራል። ሄዝልበርንና ሎንግሮውም በየጠባያቸው ሊመዘኑ ይገባል። ከዚህም በላይ በየጊዜው የሚሞሉት ጠርሙሶች ከተለያዩ በርሜሎች ስለሚቀዱ የአንዱ ዓመት ነጥብ ለሌላው ዓመት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ለነጋዴው የሚጠቅመው

አስመጪው በትእዛዙ ላይ የፋብሪካውን ስም ብቻ ሳይሆን የውስኪውን ዐይነት፣ ዕድሜውን፣ የአልኮሉን መጠንና የሚሞላበትን ጊዜ ለይቶ ይጻፍ፤ ከተቻለም ናሙና ይጠይቅ። ዛሬ ፈላጊ ቢበዛ ከ10 ዓመት በፊት ያልተነጠረውን የ10 ዓመት ውስኪ ማግኘት ስለማይቻል፣ የማያገኘውን ብዛት ለደንበኞቹ ተስፋ አይስጥ። ባለ ሱቁም ጠርሙሱን ከፀሐይ አርቆ አቁሞ ያኑር፤ ከተጋደመ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይጎዳዋል። ውስኪ በጠርሙስ ውስጥ ስለማያረጅ በመደርደሪያ ላይ መክረሙ ዕድሜ አይጨምርለትም።

ለሚጠይቅ ገዢ «ይህ 90 ነጥብ አለው» ከማለት «ይህ ጢሳም ነው፤ ያኛው ለስላሳ ነው» ብሎ የሚመልስ ሻጭ ገዢው የሚስማማውን እንዲመርጥ ይረዳዋል። የሚስማማውን ያገኘ ገዢም ተመልሶ ይመጣል።