ማጫወቻውን መለወጥ ወይስ ኃይል መስጫውን?

ቦሩ ሜዳ ሆኖ በኢንተርኔት ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ድምፁ ባያረካው፥ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በማጫወቻው ላይ ያውለው ወይስ በኃይል መስጫው?

ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ትንሹ ማጫወቻ የሚፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ብቻ፥ ያውም የማይመላለስ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው ኃይል መስጫው ነው፤ ማጣሪያው ከደከመ እንደ ንብ ያለ ጉምጉምታ ያሳልፋል። የዘፈኑ ቁጥሮች በዚህ አይለወጡም፤ የሚጎዳው ቁጥሩ ወደ ድምፅ የሚመለስበት ክፍል ነው።

ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ ማጫወቻውን በፓወር ባንክ ማሠራት ይገባል። ስሙን ከዚሁ ከወሎ ያገኘው አምባሰል በማሲንቆ ሲመታ፥ ደጋኑ ባረፈ ቁጥር ያለውን ዝምታ ማድመጥ ነው። ጉምጉምታው ከጠፋ ኃይል መስጫው ይለወጥ፤ ውድ መሆን ግን አያስፈልገውም። ልዩነት ካልተሰማ፥ ነጋዴው የፈለገውን ቢመሰክር፥ ለኃይል መስጫ የሚወጣው ገንዘብ ብክነት ነው። ማጫወቻውም ቢሆን ወዲያው አይወቀስ፤ ሽቦው ከማጉያው ተነቅሎም ጉምጉምታው ከቀጠለ ጥፋቱ የማጉያው ነው። ዘፈኑ የሚቆራረጥ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኢንተርኔቱ መስመር ስለ ሆነ ሁለቱም ግዢ አይጠቅምም። የማጫወቻው ተራ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።