ስለ ሐረማያ ሐይቅ መድረቅና መመለስ

በሐረርጌ ደጋ፥ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለከተማው ሕዝብ የመጠጥ ውኃ፥ ለአካባቢው ገበሬም መስኖ ሲሰጥ የኖረ ነበረ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግን ደረቀ። ቀድሞ ዓሣ ይጠመድበት በነበረው ወለል ላይ ከብት ተሰማራ። እኛም ይህን የሚያህል ውኃ እንዴት ሊጠፋ እንደቻለ ለአንባቢ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሐይቅ እንደ ጎተራ ነው፤ ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ዝናብ፥ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍና ከመሬት ውስጥ የሚመነጨው ውኃ ነው። ከሐረማያ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ ዋናው የተፈጥሮ ወጪው በፀሐይ የሚተነው ነው። ይህ ሂሳብ በሰው እጅ በሦስት መንገድ ተናጋ። አንደኛ፥ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ሞተሮች በዙ፤ ለከተማም የሚሳበው ውኃ ጨመረ። ሁለተኛ፥ ኮረብታው ዛፉን ስላጣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ገባ። ደለሉ ወለሉን ከፍ ስላደረገው ውኃው ጥልቀቱን አጣ፤ ስስ ሆኖ የተዘረጋ ውኃ ደግሞ ከጥልቁ ይልቅ ፈጥኖ ያልቃል። ሦስተኛ፥ የገጹ ውኃ በሸሸ ጊዜ ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ ከሥር ያለውን ሳበ።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል፤ ራሱ ሲሄድም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ብቻውን ሲታይ ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ ባለቤቱም ልጆቹን ለማሳደግ እንጂ ሐይቅ ለማድረቅ አልተነሣም። ዳሩ ግን ድምሩን የሚገታ ስምምነት አልነበረም። በመጨረሻም ሐረር የምትጠጣው ውኃ ከድሬዳዋ ቆላ ሽቅብ በሞተር እየተገፋ እንዲመጣላት ግድ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውኃው ወደ ሐይቁ ተመልሷል። ይህ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የመጣበትን መንገድ ካልጠበቅንለት የሄደበት መንገድ አልተዘጋም። ኮረብታውን በእርከንና በዛፍ መሸፈን፥ የሚሳበውንም መጠን በስምምነት መወሰን ያስፈልጋል። ለመወሰን ደግሞ አስቀድሞ መለካት ይገባል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ በቅርባችን ባለው ሐይቅ ወይም ወራጅ ውኃ ዳር በሳንቲሜትር የተከፈለ እንጨት ተክለን፥ ከፍታውን በየሳምንቱ የሚመዘግብ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ብናስለምድ መልካም ነው። ጉድለት በዓይን እስኪታይ ከተጠበቀ ጊዜው ያልፋል፤ በመዝገብ ከታየ ግን ለመምከር ጊዜ ይገኛል።