«ሃርሜ፣ ወደ ቤት ልምጣ?»

በነቀምቴ ገበያ ቡና፣ ኮረሪማና ማር እየቸረቸሩ አራት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ በምሥራቅ የሀገራችን ክፍል ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ሸኛት። ጭኮው በቅቤ ታሽቶ፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው ተሰናድቶ፣ ብርድ ልብሱና አንሶላው ታስሮ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ስልክ ደወለ። ልጅቱ ቶሎ መናገር አልቻለችም፤ ሲቃዋ ጋብ ሲል «ሃርሜ፣ ወደ ቤት ልምጣ?» አለቻቸው። «እናቴ» ማለቷ ነው።

ያስለቀሳት ትምህርቱ አልነበረም፤ ዶርሙ ነው። አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል እገባለሁ ብላ ስትጠብቅ፣ በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ከአምስት የማታውቃቸው ልጆች ጋር መደባት። የደረሳት ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው፣ ያውም በሩ አጠገብ ያለው ነው። ውኃ ወደ ፎቁ ስለማይወጣ ከታች በጀሪካን ይቀዳል። ሦስቱ ልጆች ከአንድ ከተማ የመጡ ጓደኛሞች በመሆናቸው እርስ በርሳቸው ሲሳሳቁ እርሷን ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ሌሊት ደግሞ መብራት አይጠፋም።

«ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» ይላሉ እናትየው። «ሄጄ እንዳላያት ከነቀምቴ አዲስ አበባ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልጅቱ ያለችው ደግሞ ከዚያም ወዲያ ነው። ለቡና መግዣ ያስቀመጥኩትን ብር አውጥቼ ውጭ ቤት ልከራይላት ቆረጥኩ።»

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ወጣቶቻችን የት እንደሚማሩ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ የት እንደሚያድሩ የሚወስነው ግን የደረሱበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በብዙ ቦታ ክፍል የሚደለደለው በስም ተራ በመሆኑ፣ ማን ከማን ጋር ይስማማል ተብሎ አይጠየቅም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በመጀመሩ ብዙ ልጆች ዶርምን ቀደም ብለው አይተውታል። ይሁን እንጂ ለጥቂት ቀናት ለፈተና ማደርና ዓመቱን ሙሉ መኖር አንድ አይደለም።

እኚህ እናት ምክር የጠየቁት ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት መምህርት ነበሩ። መምህርቷም «ብሩን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሳምንት ይስጧት። ማታ ሲደውሉ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቋት፤ እንቅልፍ ትተኛለች ወይ? ትበላለች ወይ? የሚያስፈራራት ሰው አለ ወይ?» አሏቸው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሁለት ነገሮችን ለመለየት ይረዳል። አንደኛው የማይመች ነገር ሲሆን ሁለተኛው የሚጎዳ ነገር ነው። ላይኛው አልጋ፣ የውኃ ወረፋ፣ የማያውቁት ሰው ጠባይ አይመቹም፤ ግን በመነጋገር ይቀላሉ። ዛቻ፣ ድብደባ፣ ትንኮሳ፣ የማይዘጋ በር፣ ተደጋጋሚ ስርቆት ግን «ቻይው» የሚባሉ አይደሉም። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅም ላይኛው አልጋ ላይ መተኛት የለባትም። እንዲህ ያለው ጉዳይ በመጀመሪያ ለፕሮክተሯ፣ መፍትሔ ካልተገኘም ለተማሪዎች አገልግሎት በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ይያያዝ፤ ትንኮሳ ከሆነ የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው ክፍል ይወቅ። ትኋን ቢገኝም ለፕሮክተሯ መንገር እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መድኃኒት ነፍቶ መተኛት አደገኛ ነው።

ውጭ ቤት መከራየትስ? ብዙ እናቶች መፍትሔ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የዶርሙ ወጪ በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪዋ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ የምትከፍለው ሲሆን፣ የውጭው ኪራይ ግን በየወሩ ከእናት ጓዳ የሚወጣ ነው። በዚያ ላይ ልጅቱ ከቤተ መጻሕፍት ማታ ስትወጣ የምትሄድበትን መንገድ፣ የአከራዩን ጠባይ፣ ብቻዋን የምትታመምበትን ሌሊት ማሰብ ያስፈልጋል።

የነቀምቴዋ ልጅ በመጀመሪያ ክፍል እንዲቀየርላት ፕሮክተሯን ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ምዝገባው እስኪያልቅ ጠብቂ የሚል ነበር። በአምስተኛው ቀን ማታ ርቧት ጭኮውን ስታወጣ ብቻዋን መብላት አፈረችና መሐል ላይ አስቀመጠችው። «ይኼ ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀቻት ከሦስቱ ጓደኛሞች አንዷ ነበረች። ያን ምሽት ሲጨዋወቱ፣ ሌሊት መብራት የምታበራዋ ልጅ ጨለማ እንደምትፈራ ታወቀ። በማግሥቱ ስድስቱም ተነጋግረው መብራት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እንዲጠፋ፣ የምታጠና ወደ ማንበቢያ ክፍል እንድትሄድ፣ የምትፈራዋ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ እንድታበራ፣ ውኃም በየተራ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲቀዱ ተስማሙ።

ሁሉም ነገር ሰመረ ማለት አይደለም። አልጋዋ ዛሬም ያው በር አጠገብ ያለው ላይኛው ነው፤ ውኃውም ገና ፎቅ አልወጣም። ከአንዷ ልጅ ጋር እስካሁን ከሰላምታ አያልፉም። ይሁንና ወደ ቤት ልምጣ ማለቷን ትታለች።

የወለጋ እናቶች ይህን ነገር ከሁለት ወገን ያውቁታል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓስ ስላለው፣ ከሌላ አካባቢ የመጡ ልጆች በየዓመቱ በእነዚህ ከተሞች ያድራሉ። ደምቢ ዶሎም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። «ከኔ ማር ለመግዛት የሚመጡትን አዳዲስ ልጆች ድሮ ልብ ብዬ አላያቸውም ነበር» ይላሉ እናትየው። «አሁን ዶርም ተስማማሽ ወይ? ብዬ እጠይቃለሁ። ፊታቸው ይነግረኛል።»

ባለፈው ሰሞን ልጃቸው እንደገና ደውላ ነበር። ጭኮው በስድስት ሰው ተበልቶ አልቋልና ይጨመር ነው የምትለው። እናትየውም ለቤት ኪራይ ካሰቡት ብር ጥቂቱን አንስተው ገብስና ቅቤ ገዙ።