ከስታርች የሚሠራ ፕላስቲክ

ለቤት ግድግዳ የሚመረግ ጭቃ ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ጭድ ከሌለው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። የደረቀ ቆዳም ቅቤ ወይም ዘይት እየተቀባ ካልለፋ ሲያጥፉት ይሰበራል። ጭዱ የሚያጠነክር፥ ቅባቱ የሚያለሰልስ ጭማሪ ነው። ከእጽዋት ፕላስቲክ ለመሥራትም እነዚህ ሁለት ዓይነት ጭማሪዎች ያስፈልጋሉ።

ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ፕላስቲክ ከተጣለ በኋላ ሳይበሰብስ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ስለዚህ ሩዋንዳ በ2008፥ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክለዋል። በምትኩ ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ ስታርች ነው። ስታርች ከበቆሎ፥ ከድንችና ከካሳቫ ይገኛል፤ ከእንሰት የሚወጣው ቡላም በአብዛኛው ስታርች ነው። የግሉኮስ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት በመሆኑ፥ ከባዮፖሊመሮች ወገን ይመደባል። በውሃ ተበጥብጦ ሲሞቅ ይወፍራል፤ በስሱ ተዘርግቶ ሲደርቅ ደግሞ ስስ ሽፋን ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ሽፋኑ ተሰባሪ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ማለስለሻ ነው፤ ከማለስለሻዎችም ግሊሰሮል በብዛት ይሠራበታል። ትንንሾቹ የግሊሰሮል ሞለኪውሎች በሰንሰለቶቹ መካከል ገብተው ያራርቋቸዋል፤ ሽፋኑም ይተጣጠፋል፥ ይለጠጣል። ነገር ግን ግሊሰሮሉ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ግሊሰሮል ውሃን ስለሚስብም የውሃ ተን በቀላሉ ያልፍበታል።

የጎደለውን ጥንካሬ ለመመለስ ናኖ ሙሌት የሚባል እጅግ ደቃቅ ነገር ይጨመራል። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ንጣፎች የተነባበረ ነው። ንጣፎቹ ተለያይተው በስታርቹ ውስጥ በእኩልነት ሲበተኑ፥ ሽፋኑ የሚሸከመውን ኃይል ይጋራሉ፤ ተኑም በዙሪያቸው እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ መንገዱ ይረዝምበታል። ሙሌቱ ከመቶ 5 እጅ ባይሞላ እንኳ ለውጡ ይታያል። ከልክ ሲያልፍ ግን ንጣፎቹ ተሰብስበው ጓል ይሆናሉ፤ ሽፋኑም ከጓሉ አጠገብ መሰንጠቅ ይጀምራል።

እንግዲህ ማለስለሻ ሲበዛ ሽፋኑን ያደክማል፤ ሙሌት ሲበዛ ያደርቃል። ዕቃ ተሸክሞ የማይቀደድ፥ ሲታጠፍም የማይሰበር ከረጢት የሚገኘው ሁለቱ ተመጣጥነው ሲገቡ ነው።

መልመጃ
1. ግሊሰሮል ለስታርች ሽፋን ምን ይሰጠዋል? ምንስ ያሳጣዋል?
2. ሙሌት ከልክ ሲያልፍ ሽፋኑን የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?
3. «ቦካ»፥ «ለፋ» እና «ጓል» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።