ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌት ለወገብ ይበጃልን?

ባልደረባችን ዕድሜው አምሳ ሊደፍን ነው። ባለፈው ዓመት የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር የሰውነት እንቅስቃሴ አዘዙለት። ልጅነቱን ባሕር ዳር ያሳለፈ በመሆኑ ከሩጫ ይልቅ ብስክሌትን መረጠ። ወገቡን አልፎ አልፎ ስለሚያመው ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለወገብ የሚመቸው የትኛው ነው?» የሚል ነበር። ሻጩም ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለውን፣ ጎማው ወፍራም፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነውን የተራራ ብስክሌት ጎትቶ አወጣለት። «ጋሼ፣ በዚህ ሲሄዱ ጉድጓድ መኖሩንም አያውቁትም» አለው። ዋጋው የፊት ሾክ ብቻ ካለው ብዙም አይርቅም፤ ገዛው። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ያመው ጀመር። በሁለተኛው ወር ብስክሌቱ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆነ። የደም ግፊቱ ግን እንዳለ ነው።

በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ከተሠሩ ወዲህ ለጤናው ሲል ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ ሰው በርክቷል። «ባለ ሁለት ሾኩን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሳል። በእኛ እምነት ዋጋው ርካሽ ከሆነ፣ ዓላማውም ጤና ከሆነ፣ ባይገዛ ይሻላል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሾክን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በደህና ሾክ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የመንገዱን ምት የሚቀበለው ክፍል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተጨመቀው ተመልሶ እንዳይዘል ቀስ አድርጎ የሚለቀው ዘይት ነው። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሞላ ብቻ ነው። ሞላ ብቻውን ሲሆን ምቱን ተቀብሎ መልሶ ይወረውራል፤ ነጂውም እንደ ፍራሽ ላይ ሕፃን ይነጥራል። በዚህ ላይ እግር ፔዳሉን በጫነ ቁጥር የኋላው ሞላ አብሮ ስለሚጨመቅ፣ ጎማውን ማዞር የነበረበት ጉልበት በከፊል እዚያ ይቀራል። በሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዳገቱ በማያልቅ ከተማ ውስጥ ግን ጀማሪን ቶሎ ያደክማል።

ሌላው ክብደቱ ነው። የዚህ ዓይነት ርካሽ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከ16 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናሉ። ሃያ ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ወገቡን ላሳርፍ ብሎ ገዝቶ ጠዋትና ማታ ይህን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ማሰብ ነው። ለልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የራሱን ክብደት ግማሽ የሚያህል ብረት ይገፋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ፍሬኑ ነው። ፋብሪካው በዝቅተኛ ዋጋ ሁለት ሾክና የሚተጣጠፍ ፍሬም ሲሠራ ገንዘቡን የሚቀንሰው ከፍሬኑ፣ ከቸርኬውና ከማርሹ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርደውን ቁልቁለት በከባድ ብስክሌትና በደካማ ፍሬን መውረድ ከወገብ ሕመም የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል። መልኩ የተራራ ቢሆንም «ከአስፋልት ውጭ አይነዳ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት የሚመጣም አለ። ለመሆኑ ያንን ጽሑፍ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ታዲያ የወገብ ነገርስ? በከተማ መንገድ ላይ ምትን በርካሽ የሚያበርደው ሰፋ ያለ ጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ ዝቅተኛውና ከፍተኛው የአየር መጠን ተጽፏል፤ በሁለቱ መካከል ይነፋ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ ምቱን ሁሉ ወደ አከርካሪ ያስተላልፋል። መሪው ከኮርቻው ትንሽ ከፍ ቢል ወገብ ብዙ አይጎብጥም። ጉድጓድ ሲያጋጥም ደግሞ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ጉልበትንና ክንድን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ማለፍ ነው። ከሰው እግር የተሻለ ሾክ እስካሁን አልተሠራም።

የባልደረባችንን ጉልበት ያሳመመው ግን ሾኩ ብቻ አልነበረም። ብስክሌቱን ይዞ መጥቶ ስናየው፣ ቆም ሲል ሁለት እግሩ መሬት እንዲረግጥለት ኮርቻውን እስከ ታች አውርዶታል። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኮርቻ ሲያንስ ጉልበት ከልክ በላይ ስለሚታጠፍ የፊት ለፊቱ ክፍል ጫና ይበዛበታል። ሲበዛ ደግሞ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከጉልበት በስተኋላም ያማል። ልኩን ለማግኘት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያሳርፉ፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ትክክል ነው። ከዚያ በእግር መዳፍ የፊት ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በመጠኑ ታጥፎ ይቀራል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ መግፋትም ጉልበት ይጎዳልና ቀለል ባለው ቶሎ ቶሎ ማዞር ይመረጣል።

ሱቅ ሲገቡ በመጀመሪያ ብስክሌቱን በአንድ እጅ ያንሡት። ፍሬኑን ይዘው ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው መዞር የለበትም። የኋላውን ጎማ ይዘው ወደ ጎን ሲወዘውዙት መገጣጠሚያው ኳ ኳ ካለ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ላልቷል ማለት ነው። ፍሬሙን በሁለት እግርዎ መካከል አድርገው ሲቆሙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። በተመሳሳይ ዋጋ የፊት ሾክ ብቻ ያለው፣ ወይም ጭራሽ ሾክ የሌለው፣ ፍሬኑ ደህና የሆነ ካገኙ እሱን ይውሰዱ። በእርግጥ ድንጋያማ ቁልቁለት ለመውረድ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሾክ ያስፈልገዋል። እሱም ቢሆን በባለሙያ የታየ ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት ከአዲስ ርካሽ ይበልጥለታል። ከብስክሌቱ ዋጋ ላይ የሄልሜት ገንዘብ ቀንሶ ማስቀረትም አይረሳ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት መንዳት ዝቅተኛውን ይሞላል። መካከለኛ መሆኑ የሚታወቀው እየነዱ መናገር ችለው መዝፈን ሲያቅትዎ ነው። ለደም ግፊት ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚቀንሱ፣ ምት ከመቁጠር ይልቅ ይህ መለኪያ ይሻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሱ ይያዝ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ግፊቱ ገና ያልተስተካከለ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ደረት ሲጨንቅ ወይም ራስ ሲያዞር ወዲያው ወርዶ መቀመጥና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አስቀድመው ባለ ሁለት ሾኩን የገዙ መጣል የለባቸውም። የኋላው ሞላ ላይ የሚዞር ቀለበት ካለ ጠበቅ ሲደረግ መዋዠቁ ይቀንሳል፤ ፍሬኑን መካኒክ ያስተካክለዋል። ባልደረባችን ኮርቻውን አንድ ጋት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ዳገቱን ትቶ ሜዳ ሜዳውን ጠዋት ጠዋት ጀምሯል። ልብሱም ወደ ገመዱ ተመልሷል። የሚቀጥለው የግፊት ልኬቱ የፊታችን ወር ነው።