እስክስታ፣ ግን በዝግታ

በሩን ልዝጋውና ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ትከሻውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወደ ሜዳ ቴኒስ መመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "መቼ ነው የምጫወተው?" ብሎ ነው። እኛ ፊዚዮቴራፒስቶችም "ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት" እንላለን። መልሱ ልክ ነው። በመካከሉ ያለውን፣ እኛ የምንፈራውን ቀን ግን ብዙ ጊዜ አንናገርም። ሰውየው በሕመም የሚጮህበትን ቀን አይደለም የምንፈራው። ሕመሙ የጠፋለትን ቀን ነው።

የክንዳችን አጥንት ጫፍ ትከሻችን ላይ የተቀመጠው እንቁላል የስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደሚቀመጥ ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። እንዳይንሸራተት አቅፈው የያዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ጅማቱ ሲቀደድ ሐኪሙ በትንንሽ ችንካርና በክር መልሶ አጥንቱ ላይ ያስረዋል። ክሩ ግን ለጊዜው ነው። ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር መያያዝ አለበት፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሕመሙ ቀድሞት ይሄዳል። ሦስተኛው ወር ላይ ሰውየው ሌሊቱን ይተኛል፣ መኪና ይነዳል፣ ሸሚዙን ራሱ ይለብሳል፣ ድኛለሁ ይላል። ጅማቱ ገና ነው።

ከዋሽንግተን አጠገብ በምሠራበት ክፍል አንድ አባት አሉኝ፤ ስማቸው ይቆይ። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቻቸው ጋር የሕዝብ ሜዳ ላይ ሳይጫወቱ የዋሉበት ሳምንት ትንሽ ነው። ቀኝ ትከሻቸው ነው የተሠራው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ክንዳቸው በማንጠልጠያ ታስሮ፣ ጋቢ ተከናንበው ወንበር ላይ ነው ያደሩት፤ ጋደም ሲሉ ትከሻው አያስተኛቸውም ነበር። ሐኪሙ የሰጣቸው ወረቀት ክንድዎን ወደ ፊት አይዘርጉ ይላል። ከትሪ ላይ መብላት አይችሉም ማለት መሆኑን ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው አላሰበውም። ባለቤታቸው ያጎርሷቸው ነበር። "ልጄ፣ ጉርሻ ሲለምኑት እንዲህ ይከብዳል?" ያሉኝን አልረሳውም።

ወረቀቱ ላይ የሌለ ሌላም አለ። የኛ ሰው ሰላም የሚባባለው ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨ ነው። ስለዚህ ለሐበሻ ታካሚዎቼ በጆሯቸው የምነግራቸው ምክር አለኝ፦ ማንጠልጠያውን እንድታወልቁ ከተፈቀደላችሁ በኋላም ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶና ሠርግ ስትሄዱ አድርጉት፤ ከነጠላውም በላይ ይታይ። ሰው አይቶ ይጠንቀቅላችሁ።

እኚህ አባት ሰምተውኝ ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት ግን የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሆነ። ሰኞ መጡና ዓይኔን ሳያዩ፣ "ሁለቴ ብቻ ነው የነቀነቅኩት" አሉ።

ደነገጥኩ። እስክስታ ድንገተኛ ነው፤ ገና ያልያዘ ጅማትን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ድንገተኛ መሳብ ነው። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኩት፣ በጣቴ ዳሰስኩ። አልተበጠሰም። ተመስገን አልኩ፣ እውነቴን ነው። ለወራት የቸገረኝ ነገር መልስ ያገኘው ግን ያን ዕለት ነው። ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ለብቻው ማንቀሳቀስ ሰው ይከብደዋል። "ወደ ኋላ ሳቡት፣ ወደ ታች አውርዱት" ስል ታካሚዎቼ አንገታቸውን ያነሳሉ፣ ክርናቸውን ያወዛውዛሉ። ያ አጥንት ካልታዘዘ ደግሞ የተሰፋው ጅማት በየምቱ ይፋተጋል። ጊዜው ሲደርስ፣ ሐኪማቸውም ሲፈቅድ፣ "ጋሼ፣ እስክስታ፣ ግን በጣም በዝግታ፤ አንዱን ወደ ኋላ ስበው አምስት እስክቆጥር ይያዙት" አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ልጅ ሆነው የተማሩት ነዋ። ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው ሲመጣልኝ ሌላ ቃል አልጠቀምም።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ኢንሹራንስ የሚከፍልላቸው ቀጠሮዎች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት ልክ ሰውየው ራኬት ሊያነሳ ሲል ነው። ክንዱን ቀና ካደረገ፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ካወረደ፣ ለኢንሹራንሶቹ ድኗል። አንድ ጊዜ አንዲት ታካሚዬን እንዲህ ሸኘኋት፤ መሄድ እንደሌለባት እያወቅኩ። በሁለት ወሯ ጅማቷ እንደገና ተቀዶ ተመለሰች። አልተከራከርኩላትም፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ምክሬን ስሙ፦ ቀጠሮዎቻችሁን መጀመሪያ ላይ አትጨርሷቸው። ቤት የሚሠራውን ቤት ሥሩ፤ ጥቂቶቹን ለስድስተኛው ወር አስቀምጡ።

ስንለካችሁም ሕመም አለ የለም ብቻ አይደለም የምናየው። ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞረው ጉልበት ወደ ውስጥ ከሚያዞረው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ካልሆነ ኳስ አንሰጥም። ወደ ውስጥ የሚያዞረው ይመታል፣ ወደ ውጭ የሚያዞረው ያቆማል፤ ፍሬን ሳይኖረው መንገድ የሚወጣ የለም። ከዚያም የምንሰጠው የልጆችን ቀይ ኳስ ነው፤ ቀስ የሚል፣ እጅ የማያስደነግጥ። ጋሼ በሰው ፊት አልመታም ብለው ነበር፤ ባዶ ሜዳ ፈልገን በማለዳ ሄድን። ፎርሃንድ፣ ባክሃንድ፣ ከወገብ በታች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ሰርቭ የመጨረሻው ነው፤ እዚህ ላይ ከጅማቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው ለመልቀቅ የሚዘገየው። ቴኒስ ተጫዋቿን ማሪያ ሻራፖቫን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ አውስትራሊያን ኦፕን አሸንፋ በዚያው ዓመት መገባደጃ ትከሻዋን ቀዶ ሕክምና አደረገች። በ2009 የተመለሰችው የሰርቭ እንቅስቃሴዋን አሳጥራ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ላይ በ17 ዓመቷ ልጅ በሜላኒ ኡዲን ስትሸነፍ 21 ደብል ፎልት ሠራች። ብዙ ተመልካች ጨርሳለች አለ። እኔ ግን ያን ጨዋታ ስመለከት የማየው በክፍሌ የማየውን ነው፤ ክንድ ያመመውን መንገድ አስታውሶ አቋራጭ ሲፈልግ። ቀስ በቀስ ወደ ረጅሙ እንቅስቃሴዋ ተመለሰች፣ በ2012 እና በ2014 ሮላን ጋሮስን አሸነፈች። ይህን ለታካሚዎቼ ሁሉ እነግራለሁ። ሌላውንም አልደብቃቸውም፦ በ2020 ስፖርቱን ስትሰናበት በጻፈችው ላይ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዩኤስ ኦፕን ወደ ሜዳ ከመግባቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ትከሻዋን አደንዝዛ እንደነበር ገልጻለች። ከቀዶ ሕክምናው ወደ 11 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ለጋሼ ሰርቭን ያስተማርኳቸው ከጉልበት ጀምሬ ነው። የሰርቭ ኃይል ግማሽ ያህሉ ከእግርና ከወገብ ይመጣል፤ ጉልበቱ ካልታጠፈ ያን ዕዳ ትከሻው ይከፍላል። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ከዚያ በግማሽ ጉልበት፣ በቀን አሥር ብቻ። በአሥረኛው ወር ቅዳሜ ማለዳ ሜዳው ዳር ቆሜ አየኋቸው። ኳሷ የት እንደወደቀች አላየሁም፤ ጉልበታቸውን ነበር የማየው። ታጠፈ።

ጨዋታው ሲያልቅ ጓደኛቸው ከመረቡ ማዶ ዞሮ መጣ። ጋሼ ራኬቱን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ ትከሻቸውን አቀረቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ተጋጩ። ሦስቱንም ቆጠርኩ፤ አንዴም አልሸሹም።