በተከዜ መረብ ለመጣል ሕጉ ምን ይላል? ውኃውስ የማን ነው?

የጾም ወራት ሲገቡ በመቀሌ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ወደ ከተማዋ ዓሣ ከሚመጣባቸው ውኃዎች አንዱ የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ግድቡ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ዓላማው 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር፤ ውኃው ሸለቆውን ሲሞላ ግን በዙሪያው ከሚኖሩ አርሶ አደሮች ጥቂት የማይባሉት መረብ ወደ መጣል ገቡ። ከሙያው ጋር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው ወደ ውኃው ማን መግባት ይችላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በምን መሣሪያ ማጥመድ ይፈቀዳል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በሕግ ረገድ አጭር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ ማሳው ከወንዝ ዳር ያለ አርሶ አደር የይዞታ ደብተሩ መሬቱን እንዲጠቀምበት መብት ይሰጠዋል እንጂ ወንዙንና በውስጡ ያለውን ዓሣ የግሉ አያደርግለትም።

ወንዙ የጋራ ነው ማለት ግን ማሳው መተላለፊያ ነው ማለት አይደለም። ጤፍ እየረገጠ ወደ ወንዝ የሚወርድ አጥማጅ በሌላ ሰው ድካም ላይ ነው የሚሄደው። በአሜሪካ የሞንታና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሕግ ማንም ሰው ወንዙ በመደበኛው ሙላት ጊዜ እስከሚደርስበት ጠርዝ ድረስ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ ወደ ወንዙ ለመድረስ የግል መሬት ማቋረጥን ግን አይፈቅድም። በእኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ በአብዛኛው የሚፈታው በልማድ፣ በከብት ማጠጫ መንገድና በሽማግሌ ነው።

መሣሪያን በሚመለከት መሠረቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ ለንግድ፣ ለመዝናኛና ለቤት ፍጆታ የሚደረግን ማጥመድ ለይቶ ያያል፤ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። በፈንጂና በመርዝ ማጥመድ የተከለከለ ነው። በብዙ አካባቢዎች የተለመደው የብርብራ ፍሬ ዱቄትም መርዝ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ትልቁንና ትንሹን ሳይለይ ይገድላል፣ ከብት የሚጠጣውንም ውኃ ይበክላል።

ዋናው ክርክር ግን ስለ መረብ ዐይን ስፋት ነው። የመረብ ዐይን እንደ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ከሆነ ትንሹ ዓሣ አልፎ ያድጋል፣ ጠባብ ከሆነ ያልወለደውም ይያዛል። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት። በዚያ ወቅት አንዲት እናት ስትያዝ የሚጠፋው የአንድ ዓሣ ሥጋ ብቻ አይደለም። ዳር ዳሩን የሚጎተት መረብ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ያለውን የመራቢያ ጎጆዋን ያፈርሳል። ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብም ሌላ ችግር አለው። ርካሽ ነው፣ በውኃ ውስጥ አይታይም፤ ተበጥሶ ሲቀርም ስለማይበሰብስ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

ይህ ቸልታ ምን እንደሚያስከትል ጣና አሳይቶናል። ዘመናዊ መረብና የሞተር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ሐይቁ ገቡ። በዓለም ላይ በጣና ብቻ ከሚገኙት የባርበስ ዝርያዎች የተወሰኑት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። አጥማጁ መረቡን በወንዞቹ አፍ ላይ ዘርግቶ ሲጠብቃቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የተያዘው ትልልቅ የባርበስ መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ገበሬ ዘሩን በልቶ ምን ይዘራል? በግብርና ኮሌጅ ስለ ዓሣ የተማርነው ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር፤ ይህች ግን በእርሻውም በውኃውም አንድ ናት።

የተከዜ ሐይቅ ተጨማሪ ችግር ድንበሩ ነው። አንዱ ዳርቻው በትግራይ፣ ሌላው በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ነው። አማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 92 የራሱን የዓሣ ሀብት ሕግ አውጥቷል፤ ክልሎች የፌዴራሉን አዋጅ በየራሳቸው ሕግ ማስፈጸም ይችላሉ። ዓሣው ግን በአንዱ ዳር ተፈልፍሎ በሌላው ይያዛል፤ በአንዱ ወገን የተጠበቀው በሌላው ወገን በጠባብ መረብ ሊወጣ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር ተሻጋሪ ውኃዎችን አጠቃቀም ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፤ ተከዜ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ሐይቁን የሚጋሩትን ሁለት ወገኖች አራርቆ አልፏል፤ በአንድ የመረብ መጠን መስማማት ግን በእኔ እይታ ከብዙ ነገር የቀለለ ነው።

እስከዚያው መረብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ብሩን ከማውጣቱ በፊት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚፈቀደውን የመረብ ዐይን ስፋትና የፈቃድ አወጣጡን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ነጋዴው የሚሸጠው ሁሉ የተፈቀደ አይደለም፤ መረቡ ቢወረስ ደግሞ የሚከስረው ሻጩ ሳይሆን የገዛው ነው።